የጋሽ ኪሩቤል ቁመት

«ይሄ የኔ ሰው አይደለም» አሉ እትዬ ረድኤት።

የእድሩ ጸሐፊ ኖላዊት ዓይኗን ከሰሌዳዋ ላይ ሳታነሳ ክንዳቸውን ደገፍ አደረገችና ወደሚቀጥለው ወሰደቻቸው። እንዲህ የሚሉ ሐዘንተኞች እንደሚያጋጥሟት፣ ሲያጋጥሟትም እንዳትከራከር ስልጠና ላይ ተነግሯታል።

«አይዞዎት እማማ። ተራው ተምታቶብዎት ነው። ይሄኛው ናቸው?»

«ይሄማ ኢዮስያስ ነው። የባጃጅ ጋራዥ የነበረው።»

«እሺ፣ ይሄኛውስ?»

«ኖላዊት፣ ይቺ ሴት ናት።»

ኖላዊት ቀና ብላ አየች። እውነትም ሴት ናት። ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ሁለት ሟች አሳየቻቸው። እትዬ ረድኤትም ለሁለቱም እንደ እግዜር ሰላምታ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ በሕይወት እያሉ ያውቋቸው ነበርና ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መስሏቸው ነው። አምስተኛው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ባሌ የት እንደቆመ ጠፍቶብኝ አይደለም። እዚያ በሩ አጠገብ ነው የቆመው። ፊቱ የሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ክርክር የለኝም። ከፊቱ በታች ያለው ነው የማላውቀው።»

«ምኑ ነው የማያውቁት?»

«ረጅም ነዋ!»

ተመልሰው ሄዱ። ጋሽ ኪሩቤል ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ከፊት አጣምረው ቆመዋል። አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት። ማሽን ከብርሃን የሠራው ቁም ምስል ጠያቂውን ያያል፤ እሳቸውም እትዬ ረድኤትን አዩዋቸው፣ ቁልቁል። የዓይናቸው ቆብ ወረደ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተደረበ። ማመልከቻ ሳያነብ እንደሚመልስ ሹም።

«እንዲህ አይቶኝ አያውቅም» አሉ እትዬ ረድኤት።

የሰፈሩ ሟቾች በእድሩ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ረድፍ ነው የሚቆሙት። ብርሃኑ ከጣሪያም ከግድግዳም ከወለልም እኩል ስለሚመጣ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ለሟችም ለጠያቂም። መጀመሪያ የመጣ ሰው ሁሉ እግሩ ሥር ጥላውን ይፈልግና ያጣዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። በመግቢያው በኩል የድሮው የእድሩ ጥሩምባ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ዛሬ ሞት የሚነገረው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስለሆነ የሚነፋው የለም፤ ያም ሆኖ በየሳምንቱ ይወለወላል።

ቁም ምስሉ አንድ እድርተኛ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል። እስከ አርባው ቀን ቤተሰብ እየመጣ አስተያየት ይሰጣል። በአርባው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ይታተማል። ከታተመ በኋላ አንዲት ጸጉር እንኳ አትነካም። የልጅ ልጅ መጥቶ አያቴ ማን ነበር ቢል የሚታየው ያ ነው።

የጋሽ ኪሩቤል አርባ ነገ ነው።

«ማሽኑ ከምስል ነው የሚለካው» አለች ኖላዊት ሰሌዳዋን እየነካካች። «እሳቸው ወደ መቶ ሺህ ሰዓት የሚጠጋ ምስል አላቸው። እግራቸው ያለበት ግን... አስራ አንድ ደቂቃ ነው።»

ይህን ስትናገር አልገረማትም። የሷም ከዚያ አይበልጥም። በየቤቱ፣ በየደረጃው፣ በየታክሲው ያሉት የካሜራ ዓይኖች የሚወዱት ፊት ነው። ፊት ቀረብ ብሎ ሲታይ ሰው ይራራል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል፤ እግር ሲታይ ማንም ምንም አይሆንም። ስለዚህ እግር የሚቀርጽ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ፣ መዝገብ ከተጠየቀ፣ ከደረት በላይ ነው።

«አስራ አንዱ ደቂቃስ ከየት መጣ?» አሉ እትዬ ረድኤት።

«ከአንድ ቀን ነው የመጣው። ሁለት ሺህ አስራ ስድስት፣ ጥር። ሠርግዎት ይመስለኛል።»

«አሃ!» አሉ እትዬ ረድኤት። ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ግን ያቺ «አሃ» በሚኖሩበት ሕንጻ ውስጥ የምትታወቅ ናት። አንድ ሰው ሊጠየቅ ነው ማለት ነው።

«ሚስቱ ነኝ፣ አጭር ነበር ብል አይበቃም?»

«ማሽኑ ቃል አይቀበልም እማማ። ምስክር ምስል ነው የሚፈልገው። ሙሉ ቁመት ያለበት፣ ያልተቆረጠ።»

«ቁመቱን ተዉትና ከላይ ወደ ታች የሚታይ አድርጋችሁ አቁሙትስ ብልሽ? እኔ እሱን የማየው እንደዚያ ነበር።»

ኖላዊት ደነገጠች። «ሟችን ከላይ ማሳየት በእድሩ ደንብ የተከለከለ ነው! ማሳነስ ነው እኮ። በዓይን ትክክል ወይ ከዚያ በታች ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

እትዬ ረድኤት ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

*

የአዳማ ነፋስ ያው የድሮው ነው፤ እሱን ያሻሻለው የለም። እትዬ ረድኤት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከአቧራ እየጠበቁ ሕንጻቸው ደረሱና አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። የአሳንሰሩ ዓይን ወዲያው ቀረባቸው። ጋሽ ኪሩቤል ካረፉ ወዲህ ዓይኖቹ ሁሉ እንዲህ ሆነዋል፤ መዝገቡ ሐዘንተኛ ብሏቸዋልና ከቅንድባቸው እስከ ከንፈራቸው ያለውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። የገዛ ዓይናቸው ግድግዳውን ሞልቶ ታየ፤ አንዷ የዓይን ፀጉር የክንድ ያህል። አብራቸው የቆመች ሴት ግድግዳውን አይታ እንባዋ ቅርር አለ። ዞር ብላ እሳቸውን አላየችም።

«አልቅሼ እኮ አይደለም» አሉ እትዬ ረድኤት። «አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

ሴትዮዋ ግድግዳውን እያየች «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች።

ከሳቸው ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ጋሽ ምንተስኖት በሩን ሲከፍቱላቸው በድምፅ ብቻ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሶፋ ላይ ቆመዋል፣ ከነጫማቸው፣ ግድግዳው ላይ ካለች የወረዳ ልጅ ጋር እየተነጋገሩ። ወረዳ ሲደውል ዓይኑ ከጣሪያ ጥግ ነው የሚያይህ። ወለል ላይ የቆመ ሰው ራሱ ትልቅ፣ እግሩ የክብሪት እንጨት ሆኖ፣ ገና ሳይናገር ያጠፋ ይመስላል። ስለዚህ በሕንጻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከወረዳ ጋር የሚነጋገረው ሶፋ ላይ ቆሞ ነው። ዘዴውን ለጎረቤት ያስተማሩት ጋሽ ምንተስኖት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሠርግ ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ስለሆኑ በእንዲህ ያለ ነገር የሚያህላቸው የለም፤ በሌላ ነገር ብዙም አይጠየቁም።

«አቤት... እሺ... የአዛውንት ካርዱን አሳድሻለሁ እኮ... እሺ እመቤቴ።» ግድግዳው ጨለመ። ጋሽ ምንተስኖት የእትዬ ረድኤትን ትከሻ ተደግፈው ወረዱ።

«ዛሬም አሳነሱህ?»

«ሶፋው ባይኖር ጉንዳን ነበርኩ። ይግቡ፣ ይቀመጡ እትዬ።»

እትዬ ረድኤት አልተቀመጡም። «ምንተስኖት፣ ባሌን ምን አደረግኸው?»

«ምን ሆኑ? ቁም ምስላቸው ወደቀ እንዴ?»

«አደገ።»

ጋሽ ምንተስኖት ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። «ምን ያህል?»

«አንድ ከሰማንያ ስምንት።»

«ውይ! እኔ እንኳ አንድ ከሰባ አምስት ብዬ ነበር።»

ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የነቁት። እትዬ ረድኤት አሁን ተቀመጡ፤ ከወረዳ ጋር የተወራበት ሶፋ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ ሰፊ ጊዜ እንዳለው ሰው።

«ንገረኝ።»

«ምን ልንገርዎት እትዬ፣ ሥራ ነው። ካሜራን መሬት አስይዘው ሽቅብ ካዩበት ሰው ግንብ ይሆናል። ከላይ ካዩበት እናቱ የጠራችው ልጅ ይመስላል። በዓይን ትክክል ሲሆን ጎረቤት ነው። ቀረብ ሲሉት ያስለቅሳል፣ ባያለቅስም። አጠር ያለ ሙሽራ የመጣ እንደሆነ ታዲያ እኔ በሆዴ እተኛለሁ። ስንት ሸሚዝ እዚያ ሜዳ ላይ ጨርሻለሁ! ሙሽሪቷን ደግሞ ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ...»

አቆሙ። ዘግይተው ነበር።

«ዝቅ ካለ ቦታ» አሉ እትዬ ረድኤት። «የንፋስ ተርባይኖቹ ሥር፣ ፎቶ ልንነሳ የሄድን ጊዜ፣ ‹ሙሽሪት፣ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ለብርሃኑ ነው› አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ቦይ ውስጥ ነበር እኮ! የውሃ መውረጃ ቦይ! ቬሎዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ፣ ሚዜዎቼ እየሳቁ፣ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ‹ዝም በሉ፣ ለብርሃኑ ነው› እያልኩ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለብርሃኑ ነው ብዬ ነው የማምነው!»

«ለብርሃኑም ነበር» አሉ ጋሽ ምንተስኖት። «ትንሽ።»

እትዬ ረድኤት ሊቆጡ ፈልገው ሳቃቸው ቀደማቸው። ጋሽ ኪሩቤል ካረፉ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል፤ በሠላሳ ዘጠኝ ቀን የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። የቤቱ ዓይን ሐዘንተኛ ሲስቅ ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት ስላላወቀ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ሲል ቆየ።

ሳቃቸውን ጨርሰው የመጡበትን ተናገሩ። ነገ ስድስት ሰዓት ይታተማል። ከዚያ በኋላ ባላቸውን ባዩ ቁጥር ያ ሹም ነው ቁልቁል የሚያያቸው። «ያንን ፊት ለምጄው የራሱን እንዳልረሳ ነው የምፈራው» አሉ። «አሁን እንኳ ተደበላልቆብኛል። ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ላስበው ስሞክር ረጅሙ ነው የመጣብኝ። ያልቆረጥከው የለህም?»

ጋሽ ምንተስኖት ተንበርክከው ከአልጋቸው ሥር አንድ ሣጥን ጎተቱ። ጥቁር የካሜራ ሣጥን ነው፣ ጠርዙ በአሉሚኒየም የተለበጠ፣ ክዳኑ ላይ ሁለት የጫማ ዳና የታተመበት። በወጣትነታቸው ከተጋባዡ ራስ በላይ ለማየት የሚቆሙት እሱ ላይ ነበር። ከውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ዲስክ አወጡና ከጥንት ቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ አይነጋገርም፤ የሰጡትን ብቻ ነው የሚያሳየው።

«ይህቺን ከቪዲዮው ቆርጬ ያወጣኋት ናት» አሉ። «ለሙሽራ አትሰጥም። ግን መጣልም አልቻልኩም።»

ምስሉ መጣ። የአዳራሽ ጓሮ፣ ከጣሪያ ላይ የታየ፣ ከሩቅ። የቆሙ መኪናዎች፣ አንድ የውሃ ሮቶ፣ ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል። ሙዚቃ የለውም።

እትዬ ረድኤት ምስሉ እስኪጠጋላቸው ጠበቁ። አልተጠጋም። የቱን እንደሚያዩ የሚነግራቸው አጡ፤ ወደ ሮቶው አዩ፣ ወደ ፌስታሉ አዩ፣ አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ። «ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉ።

«አልተበላሸም። እርስዎ ነዎት የሚፈልጉት።»

ፈለጉ። በጓሮው በር ሁለት ሰዎች ወጡ፤ እያንዳንዳቸው የጣት ያህል ናቸው። አንዷ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። የነጯ ዓይነ ርግብ በነፋስ ወደ ሰማይ ቆሞ ነበር። አጭሩ ጥቁር ትንሽ እያነከሰ ሄደ፣ ቆመ፣ በእግሩ ጣቶች ተነሳና ወደ ነጯ ጆሮ አንጋጠጠ። ነጯ ዓይነ ርግቧን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። አንድ ነገር ነገራት። ሳቀች፤ ድምፅ ባይኖርም ከትከሻዋ ያስታውቃል። ከዚያ ተያይዘው በመኪናዎቹ መሃል ሄዱ፣ ከምስሉ ጫፍ እስኪወጡ። ባዶው ጓሮ ትንሽ ቆየ። ፌስታሉ አለፈ።

ዕቃ የጠፋበት ሰው እንደሚያደርገው እትዬ ረድኤት ሶፋውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ድገምልኝ።»

ደገሙላቸው። በሦስተኛው ላይ፣ ጥቁሩ ወደ ነጯ ጆሮ ሲያንጋጥጥ፣ እትዬ ረድኤት «ጫማዬ ሊገድለኝ ነው!» አሉ።

«ምን?»

«እንዲያ ነው ያለኝ። ‹ረዱ፣ ጫማዬ ሊገድለኝ ነው፣ ከዚህ በኋላ በካልሲ ነው የምጨፍረው።› ለዚህ ነው የሳቅኩት።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ግን ጠባብ ጫማ አልነበረም። መጠኑን እኔ ነኝ አብሬው ሄጄ የለካሁት። ልኩ ነበር። ለምን አመመው?»

ጋሽ ምንተስኖት ምስሉን አቆሙት። ከዚያ እሳቸውም ተቀመጡ፣ ሣጥኑ ላይ።

«ውስጡ ካርቶን ነበረበት» አሉ። «ሦስት ጣት። እኔ ነኝ የቆረጥኩላቸው።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«እሳቸው ናቸዋ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ በአስራ ሁለት ሰዓት፣ ስቱዲዮዬን አንኳኩ። ብቻቸውን። ያኔ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሠርጉን ሊተው የመጣ ሙሽራ መስሎኝ ነበር። ‹ወንድሜ› አሉኝ፣ ‹እሷ ስለ ቁመቴ ምንም ብላኝ አታውቅም፤ ግድም የላት። እኔ ግን ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ቀን ብቻ፣ ከላይ ሆኜ እንዳያት አድርግልኝ።› እንዳልነግርዎትም አስማሉኝ። እትዬ፣ ቦዩን የመረጡት እንኳ እሳቸው ናቸው። ቀደም ባለው ቀን በሞተር ሄደው አይተውት ነበር።»

እትዬ ረድኤት የቆመው ምስል ላይ አጭሩን ጥቁር አዩት።

ፎቶ በተባለ ቁጥር ጋሽ ኪሩቤል ወንበር ይፈልጉ ነበር። «መቀመጥ ይወዳል፣ ሰነፍ ነው» እያሉ እትዬ ረድኤት ለሰው ሲያወሩባቸው ኖረዋል። መንገድ ሲሄዱ ደግሞ ጋሽ ኪሩቤል ከፍ ባለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ፣ እትዬ ረድኤት ዝቅ ብለው አስፋልቱ ላይ ነበር የሚሄዱት፤ «ሚስቱን ለመኪና ሰጥቶ» ብለው ስንቴ ተጣልተዋቸዋል። ጋሽ ኪሩቤልም «ይቅርታ ረዱ» ይሉና ለአንድ ሁለት ቀን ይወርዱላቸዋል፣ ከዚያ ተመልሰው ጠርዙ ላይ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የሚያወርዱት፣ አምፖል የሚቀይሩት እትዬ ረድኤት ነበሩ። ጋሽ ኪሩቤል ወንበሩን ይዘው ሽቅብ እያዩ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይሏቸው ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ፊት ያ ነበር። ግንባሩ ላይ ሦስት መስመር፣ አንዱ ቅንድብ ከፍ ያለ።

«ነግሮኝ ቢሆን» አሉ።

«ነግረውዎት ቢሆን ቦይ ውስጥ ይቆሙ ነበር?»

«ሁለት ቦይ ውስጥ እቆም ነበር!»

*

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ደረሱ። ጋሽ ምንተስኖት ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ነው የመጡት፤ ዲስኩ ያለ ሣጥኑ ከቤት ወጥቶ አያውቅም አሉ። ወገባቸውን ይዘው ቢያቃስቱም የለበሱት ግን ቀረጻ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ኪስ የበዛበት ሰደርያ።

ኖላዊት ደስ አላት። «ምስክር ምስሉን አገኙት! ጎበዝ እማማ። አሁኑኑ ይታረማል። እርስዎ በነገሩኝ ቁመት ማረሚያውን እያዘጋጀሁ ነው፣ ይስሙት።» ከሰሌዳዋ አነበበች። «‹ለሁሉም እድርተኞች። የአቶ ኪሩቤል ቁመት ዛሬ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ተቀንሷል። እድሩ ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ ይጠይቃል።›»

«የት ነው ይሄ የሚነገረው?»

«በአራት መቶ ሃያ ቤት ግድግዳ ላይ። ከነምስሉ። በፊት እና በኋላ ጎን ለጎን ይታያሉ።»

«ሳይነገር ማረም አይቻልም?»

«ሳይነገር የታረመ አልታረመም፣ እማማ። ደንብ ነው።»

እትዬ ረድኤት ባላቸውን አዩ። ባላቸውም ቁልቁል አዩዋቸው። አሁን ግን እትዬ ረድኤት ትናንት ያላዩትን ነገር አዩ። ሹም አይመስሉም። ሠርጉ ዕለት፣ ቦዩ ውስጥ ሆነው፣ ያንን ፊት አይተውት ነበር። ለአስራ አንድ ደቂቃ። እሳቸው በጭቃው ተናደው ልብ አላሉትም እንጂ፣ ሰውዬው ያኔ ደስ ብሎት ነበር።

ሰዓቱ ለስድስት አስር ጉዳይ ሆነ።

«ዲስኩን ልስጣት?» አሉ ጋሽ ምንተስኖት በሹክሹክታ።

«ተወው።»

«እትዬ፣ ከታተመ አለቀ እኮ። ነገ አልቅሰው ቢመጡ...»

«ይታተም ብያለሁ። አንድ ነገር ነው በሕይወቱ የለመነው፤ እሱንም እኔን ሳይሆን አንተን። በአራት መቶ ሃያ ግድግዳ ላይ አላስቀንሰውም።»

ኖላዊት ግራ ተጋብታ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች። ከዚያ ስልጠና ላይ እንደተነገራት ሐዘንተኛን ሳትከራከር «እንደፈቃድዎ» አለችና ለማተም ወደ ውስጥ ገባች።

እትዬ ረድኤት ጫማቸውን አወለቁ።

«ሣጥኑን አቅርብልኝ።»

ጋሽ ምንተስኖት መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ዓይናቸው አበራ፤ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ ማለት ይቻላል። ሣጥኑን በቁሙ ሊያቆሙ ጀመሩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሚስትን አዩ፣ ባልን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክዳኑን ወደ ላይ አድርገው አጋደሙት። «በቁሙ ከሆነ ይበዛል» አሉ። «ተጋድሞ ነው ልኩ።»

ክንዳቸውን ሰጧቸው። እትዬ ረድኤት በሁለቱ የጫማ ዳናዎች ልክ ላይ ባይሆንም እዚያው አካባቢ ወጡ፣ ተንገዳገዱ፣ ቆሙ።

ቁም ምስሉ ጠያቂውን ያያል። የጋሽ ኪሩቤል ዓይኖች የሚስታቸውን ፊት ከነበረበት አጡት፣ ፈለጉት፣ ተከተሉት። አገጫቸው ከደረታቸው ተነሳ። አንገታቸው ወደ ኋላ ሄደ። ግንባራቸው ላይ አንድ መስመር ወጣ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንደኛው ቅንድብ ከፍ አለ። አፋቸው ትንሽ ተከፈተ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሊል እንደሚፈልግ ሰው። ከመቶ ሺህ ሰዓቱ ውስጥ አብዛኛው ይህ ፊት ነበር፤ ማሽኑ ዘንድ አልጠፋም ነበር። እስካሁን ከፍ ብሎ የሚቆምለት ሰው አልመጣም እንጂ።

«አንተ» አሉ እትዬ ረድኤት። «የት ነበርክ?»

ጋሽ ምንተስኖት ሰደርያቸው ውስጥ የሌለ ነገር እየፈለጉ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያም ሌላ ጥቂት። ከአዳራሹ ጫፍ፣ ከጥሩምባው አጠገብ ሆነው ሲያዩ፣ ሁለቱ ከነሣጥኑ እያንዳንዳቸው የጣት ያህል ነበሩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የውሃ ቧንቧ ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ሌላ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ኖላዊት ሰሌዳዋን ይዛ ከውስጥ ስትመጣ በሟች ፊት ሣጥን ላይ የቆሙ፣ ጫማቸውን ያወለቁ አዛውንት አየች። ደንቡን በሐሳቧ አገላበጠችው። ሟችን ከላይ ስለማሳየት ይናገራል፤ ጠያቂው የት መቆም እንዳለበት ግን አይናገርም።

«እማማ» አለች፣ «ለምንድነው እዚያ ላይ የወጡት?»

እትዬ ረድኤት ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አላነሱም።

«ለብርሃኑ ነው» አሉ።